የልጅቷን ማጅራት የሚያየው ሰው

ልጄ ከጀርመን አገር ልጇን ይዛ የመጣችው ለሁለት ሳምንት ዘመድ ልትጠይቅ ነበር። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ የመመለሻ ትኬቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ከአንሶላዎቹ ሥር ከተተችውና ቀረች። ባሏ ምን እንዳደረጋት አልጠየቅኳትም። የግራ እጇ ትንሿ ጣት አትዘረጋም፤ ከዚህ ስትሄድ ትዘረጋ ነበር። ይኸው በቃኝ።

ሰውየው መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይደውል ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ሳለ እኔም ሰማሁት። አልጮኸም። «ልጄ ያለችበትን ቤት ባወቅሁ ቀን፣ አንቺ ዳግመኛ አታዪያትም» አላት። ዕቃ ስለ መላክ እንደሚነጋገር ሰው ረጋ ብሎ ነበር የተናገረው። በማግስቱ ስልክ ቁጥሯን ቀየረች። ለዘመዶቹም ክፍለ አገር ሥራ አግኝታ ሄዳለች ብለን አስወራን። እኛ ግን እዚሁ ነበርን፤ ቦሌ አራብሳ፣ እሱ በማያውቀው፣ በቅርቡ በዕጣ በደረሰኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ፣ ልጄና የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ።

«ፍርድ ቤት ሄደሽ አሳዳጊነቱን አስወስኚ» ብያት ነበር።

«የተደበቀ ሰው ክስ አይከፍትም እማዬ» አለችኝ። «ክስ ላይ አድራሻ ይጻፋል።»

እውነቷን መሰለኝ።

ስፌት እዚያው አገር ተምራ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና አቆምንላትና የልጆች የሐበሻ ቀሚስ መስፋት ጀመረች። ሥራዋ ንጹሕ ነው። ገዢው ግን ከብሎካችን አላለፈም፤ ሱቅ ከፍታ እንዳትቀመጥ መታየት አትፈልግም። ያን ጊዜ ነው የእህቴ ልጅ የኢንተርኔት ሱቅ የሚባለውን ነገር ይዛ የመጣችው። እህቴ ወሎ ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሐል፣ የክርና የቁልፍ ሱቅ አላት። ልጇ ደግሞ ኮምፒውተር ተምራ በአንድ ድርጅት ትሠራለች።

«አክስቴ፣ ዛሬ ኦንላይን ያልሆነ ነገር እኮ የለም» አለችኝ። «ሰው ድንችም በስልክ ነው የሚያዝዘው።»

«ድንቹንስ በስልክ ይልጡታል?»

«እሱም ይመጣል፣ አይቸኩሉ።»

ልጄ ሁለት ነገር አስማለቻት፤ ስሟ እንዳይጻፍ፣ ቤታችን ያለበት እንዳይጻፍ። ልብስ መረከቢያው የእህቴ ሱቅ እንዲሆን ተስማማን። የእህቴ ልጅ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣቻቸው። ለአንዱ ግን የሚለብሰው ልጅ ያስፈልጋል አለችና የልጅ ልጄን አለበሰቻት።

«ፊቷ አይታይም» አለች ልጄ።

«ከጀርባ ነው የማነሣት። ጥለቱም ከጀርባው ነው የሚያምረው።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች። ሹሩባዋ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ፎቶው ጥሩ ወጣ። ገጹ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሳየው፣ ማጅራቷ ላይ ማርያም የሳመቻት ቦታ ተገልጦ ይታያል። የምስር ፍሬ ታህላለች፤ ከቀኝ ጆሮዋ ወረድ ብላ ናት። ፊት ስንሸፍን ማጅራት ረሳን። ልብ ያለው ሰው የለም፤ እኔም ያን ጊዜ ደስ አለኝ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

የእህቴ ልጅ አሮጌ ላፕቶፗን ለእኛ ትታ፣ አንድ ሌላ ነገርም አሳየችን። መከታተያ ነው የምትለው። ሱቁን የከፈተ ሰው ማን እንደሆነ አይናገርም። ከየት ከተማ እንደገባ፣ በስልክ ይሁን በኮምፒውተር፣ የትኛውን ቀሚስ ምን ያህል እንዳየ፣ ምን ላይ እንደ ቆየ፣ ከየት ላይ ተመልሶ እንደ ወጣ ይናገራል። ከዚያ አልፎ ሰውየው ገጹ ላይ ያደረገውን እንደ ፊልም ያሳያል።

«በስልክ የገባ ከሆነ ጣቱ የነካበት ክብ ነጥብ ይታያል» አለች። «በኮምፒውተር ከሆነ ቀስት ነው። ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ቀስቱ አብሮ ይሄዳል። ይኼውልዎት።»

አንዲት ቀስት ከቀሚስ ወደ ቀሚስ ስትሄድ አየሁ። ቀዩ ላይ ቆመች፤ ዋጋው ላይ ወረደች፤ ወጣች።

«ሰዎቹ እንደምናያቸው ያውቃሉ?»

«ከታች በትንንሹ ተጽፏል።»

«ያነቡታል?»

«ማን ያነባል አክስቴ!»

እኔ በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። መስመር እናገናኛለን፤ ማዳመጥ ግን ክልክል ነው። ሳላዳምጥም ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር። ማን ለማን እንደሚደውል፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ መስመሩ ሲያዝበት ወዲያው የሚደጋግመው ማን እንደሆነ። ከመስመሩ ብዛት ብቻ አለቃ ሊቀየር እንደሆነ እናውቅ ነበር። ስለዚህ ይኼ መከታተያ እንግዳ አልሆነብኝም። ልጄ እጇ ከስፌት አይላቀቅም፤ ሥራው የእኔ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቼ፣ የትናንቱን አይቼ እነግራታለሁ።

«አረንጓዴው ጥለት ላይ ብዙ ይቆያሉ፤ ግን አይገዙም።»

«ዋጋው ነዋ» ትላለች ፔዳሉን እየረገጠች።

«ዋጋው ላይ ሳይደርሱ ነው የሚመለሱት።»

«እንግዲያው አረንጓዴው ነው።» ጥለቱን ወደ ቢጫ ለወጠችው። ቢጫው ተሸጠ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ፣ «አክስቴ፣ እርስዎን የቀጠረ መሥሪያ ቤት ዕድለኛ ነበር» አለችኝ።

የሚገቡት ሰዎች ስፍራ ካርታ ላይ በነጥብ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ነጥብ አለ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አንዳንዴም ዱባይ። ፋሲካ ሲቃረብ ነጥቡ በዛ። አንድ ጠዋት ካርታውን ሳይ ጀርመን አገር ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ጠቅ አደረግኳት። ፍራንክፈርት ይላል።

ባሏ የሚኖረው እዚያ ነው።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከዚያ መልሼ ከፈትኩት። እዚያ አገር የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ለልጁ ቀሚስ የሚያይ አይጠፋም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለልጄ ምንም አላልኩም። በማግስቱም ነጥቧ አለች። በሦስተኛውም ቀን። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ገደማ ነው፤ ሁልጊዜ። ሰባት ተኩል ላይ እኛ ምሳ በልተን እኔ ጋደም የምልበት ሰዓት ነው። እኔ ዓይኔን ከድኜ ሳለ እዚያ አንድ ሰው ቤቴን ከፍቶ ይገባል ማለት ነው ስል አሰብኩ።

ፊልሙን ለማየት ፈራሁ። አየሁት። በስልክ የገባ ሰው ነው። ወደ ቀሚሶቹ አልሄደም። ክብ ነጥቡ በቀጥታ የልጅቷ ፎቶ ላይ አረፈ። ከዚያ ሁለት ነጥብ ሆነ፤ ሁለት ጣት። ጣቶቹ ሲራራቁ ፎቶው አደገ። ቀሚሱ ከገጹ ወጣ፣ መስኮቱ ወጣ፣ የቀረው ማጅራቷ ብቻ ሆነ። ማርያም የሳመቻት ቦታ የላፕቶፑ መሐል ላይ ቆመች። ሰውየው ምንም አልነካም። ያያል። ብዙ ቆይቶ ዘግቶ ወጣ። ሌሎቹንም ቀኖች ከፈትኩ፤ ሁሉም እንደዚያው ነው። ያቺን ምልክት የሚያውቃት ሰው በዓለም ላይ ስንት ነው? እናቷ፣ እኔ፣ እሱ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ላይ ሳሳፍር የሹፌሩን ፊት ማየት ጀመርኩ። ከታች ያለው ዘበኛ ሁኔታዬ ገባው።

«ማዘር፣ ምነው ሰሞኑን ደረጃውን በሩጫ ሆነ?»

«ቤታችንን የጠየቀ ሰው አለ?»

«የቆሻሻ ብር የሚሰበስበው ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ» አለና ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ፣ «ማንም ቢመጣ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ማዘር» አለኝ። ብሎኩ በአራት በኩል መግቢያ አለው። እሱ የሚቀመጠው በአንዱ ነው።

እሑድ ዕለት የተመዘገበውን ሰኞ ጠዋት ሳይ፣ ፍራንክፈርት እንደ ወትሮው አለች። ከፈትኩት። የዚህኛው አካሄድ ለየት ይላል። ቀስት ናት። ገባች፣ የእያንዳንዱን ቀሚስ ዋጋ ከሥር ከሥሩ እያሰመረች ወረደች፤ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ትጫናለች፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ፎቶው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ መረከቢያ ወደሚለው ሄደች። ከዚያ መልእክት መጻፊያው ውስጥ ገባች። የሚጻፈው ፊደል ለእኛ አይታይም፤ በፊደል ፈንታ ኮከብ ነው የሚደረደረው። ኮከቦቹ ረዥም መስመር ሆኑ። ከዚያ ከኋላ አንድ በአንድ ጠፉ። ሰውየው ወጣ።

ለልጄ ልነግራት ቃል ስመርጥ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት፣ ከወሎ ሰፈር።

«አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ቀሚሶቹ የት ነው የሚሰፉት፣ ሰፊዋንስ ማግኘት ይቻላል ወይ ይላል።»

«ምን አልሽው?»

«አላውቅም አልኩት። ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ምነው? ድምፅሽ ምን ሆነ?»

ስልኩን ዘግቼ ለልጄ ሁሉን ነገርኳት። ፔዳሉ ላይ ያለው እግሯ ቆመ። መርፌው ጨርቁን ወግቶ እንዳለ ቀረ። ፎቶው ሲጎላ የሚያሳየውን ፊልም በላፕቶፑ አሳየኋት፤ ቀስቷን ግን ለማሳየት ጊዜ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም እሷ ያን ጊዜ ተነሥታ የልጅቷን ልብስ ማጣጠፍ ጀምራለች።

«ፎቶውን ከገጹ ላይ አንሺው፣ እማዬ።»

«አልችልበትም።»

ለእህቴ ልጅ ደወልን። ለሥራ ፊልድ ወጥታ ከከተማ ውጭ ናት። ስልኳ አንዴ ይሠራል አንዴ ይቆረጣል። «ላፕቶፑ እናንተ ጋ ነው፤ እኔ ስመጣ ካልሆነ...» ብላ ተቋረጠች።

በዚያው ቀን ላፕቶፑን ይዘን ወጣን። ልጅቷን ከክፍል አስጠርተን ወሰድናት። ወሎ ሰፈር አይታሰብም፣ አድራሻው እሱ ነው። አያት ሰፈር የምትኖር የኦፕሬተርነት ዘመን ባልደረባዬ አለችኝ፤ ወደ እሷ ሄድን። ታክሲው ውስጥ ልጅቷን መሐላችን አስቀመጥናት። ነጠላዬን አውልቄ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩት።

«ይሞቃል» አለች።

«ይሙቅ።»

«እንግድነት ነው የምንሄደው?»

«አዎ።»

«ስጦታ አልያዝንም እኮ» አለች። እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ባልደረባዬ አልጋዋን ለቀቀችልን፤ ብዙ አልጠየቀችም። ልጄ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። የታዘዙ የፋሲካ ቀሚሶች ቤት ቀርተዋል። ሐሳቧ ከዚያ አልፎ ሄዷል። ደብረ ብርሃን ስለሚኖሩ የአባቷ ዘመዶች ትጠይቀኛለች፤ ቤት ይከራዩን ይሆን፣ እዚያ ትምህርት ቤት አለ ወይ ትላለች። «አንቺ ግን አትመጪም» አለችኝ። «አንቺ ካለሽ በአንቺ በኩል ያገኘናል።» ትክክል ነበረች። ልጅቷን ላላያት ነው ማለት ነው፤ እሱ ሳይወስዳት ገና እኔ ተነጠቅሁ ብዬ አሰብኩ።

የእህቴ ልጅ ከፊልድ እንደ ተመለሰች በቀጥታ አያት መጣች። ጫማዋ አቧራ እንደ ለበሰ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ የፍራንክፈርቱን እንግዳ አንድ በአንድ አየችው። መጀመሪያ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ግንባሯ ተፈታ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ ስልክዎ የታል?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ያውጡትማ። አሁን ሱቁን ይክፈቱት። ሁልጊዜ እንደሚከፍቱት አድርገው።»

እንዴት እንደምከፍተው ማንም አያውቅም ነበር። ፋሲካ ከተቃረበ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ሰርቪሱ ልጅቷን ይዞ ከሄደ በኋላ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ፎቶውን አያለሁ። ጎላ አድርጌ። ማርያም የሳመቻትን ቦታ አይቼ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም።

በሰው ፊት ማድረጉ አሳፈረኝ። ከፈትኩት። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ወደ እኛ አዞረችው። ካርታው ላይ፣ ፍራንክፈርት ላይ፣ ነጥብ በራች።

ልጄ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አለች የእህቴ ልጅ። «ጀርመን ገብተዋል፤ ያውም ያለ ቪዛ።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ልጄ።

«ቪፒኤን ነዋ! ያኔ ቴሌግራም የተዘጋ ጊዜ ስልካቸው ላይ የጫንኩላቸው። ስልኩ ውጭ አገር ያለ ያስመስለዋል። ነገሩ ሲከፈት ሁላችን አጠፋነው፤ እሳቸው አላጠፉትም።»

«አጥፊ ብሎ ማን ነገረኝ?» አልኩ።

«ይቺን ቁልፍ የምትመስል ምልክት እዚህ ላይ አያዩአትም?»

«አያታለሁ። ስልኩ ተቆልፎ ነው ብዬ እኮ ነው።»

ባልደረባዬ መሳቅ ጀመረች። ልጄም ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ከመጣች ወዲህ አይቻት አላውቅም፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄዶ ተመለሰ።

«ሰባት ሰዓት ተኩሉስ?» አልኩ። «ሰባት ተኩል ላይ እኔ ጋደም ብዬ ነኝ።»

«የፈረንጅ ሰባት ተኩል! በእኛ ጠዋት አንድ ተኩል።»

የፈረንጅ ሰዓት አጥቼው አይደለም። ስልክ ማዞሪያው ላይ ሁለቱንም ሰዓት ነበር የምንይዘው። ግን ገጹ ሁሉ በአማርኛ ስለ ተሠራ ሰዓቱም የእኛ መሰለኝ።

«ድሮ በጆሮሽ ነበር የምትሰልዪው» አለችኝ ባልደረባዬ ዓይኗን እየጠረገች። «አሁን ደግሞ ራስሽን ሰለልሽ።»

ወሎ ሰፈር የመጣው ሰውዬም፣ እህቴ ደውላ እንደ ነገረችን፣ ያን ቀን ጠዋት ተመልሶ ነበር። ሦስት ሴት ልጆች አሉት፤ ለፋሲካ አንድ ዓይነት ማልበስ ፈልጎ ነው። ልኩን ራሱ ጽፎ ለእህቴ ሰጥቷት ሄደ። ልጄ፣ ፎቶው ይነሣ ወይ ሲባል፣ «ይቆይ፤ ከሁሉ የሚታየው እሱ ነው» አለች። «የሚያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው እንጂ!» አለች የእህቴ ልጅ፤ እንደገና ተሳቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኛች። ነጠላውን ከአንገቷ አንሥቼ ነበር። ምልክቷ ፊት ለፊቴ ናት። አየኋት፤ በስልክ ሳይሆን በዓይኔ። ያን ጊዜ ነው ቀስቷ ትዝ ያለችኝ።

ስልክ ቀስት የለውም።

የእህቴ ልጅ ያየቻቸው ብዙዎቹን ነው፤ ሁሉም ፍራንክፈርት፣ ሁሉም ከእኔ ስልክ። አንዷን ከመሐላቸው አልለየቻትም። እኔ ደግሞ በሳቁ ውስጥ ረሳኋት። እሑድ ዕለት በኮምፒውተር የገባው ሰው እኔ አይደለሁም። ላፕቶፑን እሑድ አልከፍተውም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው የምውለው።

ልጄ አጠገቤ ሆና ስለ ቀሚሶቹ ታወራለች። ለሦስቱ እህትማማቾች ቢጫ ጥለት ይሁን ወይስ ቀይ ትላለች። እኔ እየሰማሁ «ቀይ» እላለሁ። አንድ ልብ፣ ተዪያት፣ ዛሬን ትደር ይለኛል። እዚያ አገር የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ለጥምቀት የሚያለብስ፣ ለበዓል የሚያለብስ። ግን ለበዓል የሚያለብስ ሰው ጽፎ ለምን ያጠፋል?

ቤት ገብተን ልጅቷን ካስተኛኋት በኋላ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት።

«አንድ ያላየሽው አለ» አልኳት።

ጨርቅ በእጇ እንደያዘች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ፊልሙን ከፈትኩላት። ቀስቷ ገባች። ዋጋዎቹን ከሥር እያሰመረች ወረደች። ሁለት ጊዜ ተጫነች፤ ሁለት ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ። ወንበሩን የያዘው እጇ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ቀስቷ ፎቶው ላይ ቆመች። ከዚያ ኮከቦቹ መጡ፤ ጠፉ።

ሲያልቅ አልጮኸችም።

«አንዴ በቃ ብዬ አስተምሬው ነበር» አለች። «ሁለት ጊዜ አይጫኑትም፣ አንዴ በቃ እለው ነበር። ሂሳብ ሲከፍልም እንደዚህ ነው፤ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር። አልተማረም።»

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ልጅቷ በእንቅልፏ ስትገላበጥ አልጋው ጮኸ። ደብረ ብርሃንን ታነሣለች ብዬ ጠበቅኩ። አላነሣችም።

«እስካሁን የያዘው ወሎ ሰፈርን ብቻ ነው» አለች። «ቤቱን አያውቅም። አዲስ አበባ መሆናችንን ግን አወቀ። እንግዲህ መደበቁ አብቅቷል።»

ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የመመለሻ ትኬቷን ከአንሶላዎቹ ሥር አወጣችና፣ ከልጅቷ የልደት ወረቀትና ከሐኪም ከተሰጣት የጣቷ ማስረጃ ጋር በአንድ ፌስታል አደረገችው። የሐኪም ማስረጃ እንዳላት አላውቅም ነበር። በማግስቱ ወደ ፍርድ ቤት ሄደች። ማመልከቻው ላይ አድራሻችንን ራሷ ጻፈችው፤ ቦሌ አራብሳ፣ ብሎኩን፣ ፎቁን፣ የቤት ቁጥሩን።

ቀጠሮ ተሰጥቷታል። እስከዚያው እንጠብቃለን። ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ከእኔና ከእናቷ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ተነግሮታል፤ ርእሰ መምህሯ ፊታችንን አይታ ብዙ አላደከመችንም። ሰርቪሱን ትተነዋል። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቀድሜ ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሌሎች ወላጆች ይጨዋወታሉ። እኔ የወንዶቹን ፊት ነው የማየው፤ የማላውቀው ፊት ሲመጣ ወደ በሩ እጠጋለሁ። ከዚያ የማላውቀው ሰው የራሱን ልጅ ይዞ ይሄዳል። ስልኬ ላይ የነበረችው ቁልፍ ጠፍታለች። ፎቶውን ማየት ትቻለሁ።

ፎቶውም ከገጹ ወርዷል። በቦታው የእህቴ ልጅ ያንኑ ቀሚስ መስቀያ ላይ ሰቅላ አንሥታዋለች፤ መስኮቱ ያው ነው፣ የሚለብሰው የለም። ሱቁን እንዝጋው ብያት ልጄ እምቢ አለች። እሱን ፈርታ እንጀራዋን እንደማትዘጋ ነገረችኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ሥራዬን እሠራለሁ፤ የትኛው ታየ፣ የትኛው ተተወ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ ክር ልታመጣ ወሎ ሰፈር ሄዳ ሳለ ካርታውን ከፈትኩት። ፍራንክፈርት ላይ ነጥብ በርታለች። የተመዘገበ አይደለም፤ አሁን ነው፣ እያየሁት። ቀስቷ የቀሚሶቹን ዋጋ ሳታሰምር በቀጥታ ወረደች። ልጅቷ ቆማበት ወደነበረው ቦታ መጣች። መስቀያው ላይ የተሰቀለውን ቀሚስ አገኘች። ሁለት ጊዜ ተጫነችው። አልተንቀሳቀሰችም፤ ባዶው አንገትጌ ላይ ቆመች።

እኔም አልተንቀሳቀስኩም። እንዲህ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

ከዚያ ሰዓቱን አየሁ። ልጆቹ ሊለቀቁ ነው። ላፕቶፑን እንደ በራ ተውኩት፤ ነጠላዬን አንሥቼ፣ በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፌ፣ ደረጃውን ወረድኩ።